ወፏ ማንን ጠቆመች? አፈርሳታ፣ ሌባ ሻይ እና የመዲናው የጥሩር ስርቆት



እስቲ ለአንድ አፍታ ከዛሬ ሰባና ሰማንያ ዓመት በፊት በአርሲ ደጋ፣ በጮሌ ገጠር የምትኖሩ ገበሬ እንደሆናችሁ አድርጋችሁ አስቡ። ገብሱ ለአጨዳ ደርሷል። ሌሊቱን ውርጭ ወርዷል። ሲነጋ ጎረቤታችሁ በረቱን ቢያይ የምትታለበው ላሙ የለችም። እናንተ ሌሊቱን ከቤታችሁ አልወጣችሁም፤ ለፈጅር ተነስታችሁ ሰግዳችሁ ማጭዳችሁን እየሳላችሁ ነው። ላሟን ማን እንደወሰዳት አታውቁም። ሆኖም ፀሐይ ሳትጠልቅ ከተጠርጣሪዎቹ አንዱ እናንተ ናችሁ። እናንተ ብቻም አይደላችሁ፤ አባታችሁ፣ ወንድማችሁ፣ አማቻችሁ፣ በማዶው ጋራ የሚኖረው ሰው፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ በዚያ ቀበሌ እሳት የሚያነድ ሁሉ ተጠርጥሯል።

ይህ ተረት አይደለም። ስሙ አፈርሳታ ይባላል፤ በሌላ አጠራሩ አውጫጭኝ። አባቶቻችንና አያቶቻችን በሚገባ ያውቁታል። የዛሬው ወጣት ግን ምናልባት ስሙን እንጂ ሥራውን አያውቅም። የጠፋ ንብረትና የተሸሸገ ምሥጢር ምንም ያላደረገውን ሰው እንዴት ከቤቱ አውጥቶ ሜዳ ላይ እንደሚያውለው ለመረዳት ከአፈርሳታ የተሻለ ምሳሌ በአገራችን ታሪክ ውስጥ የሚገኝ አይመስለኝም።

ሥርዓቱ እንዲህ ነበር። ንብረት የጠፋበት፣ ቤት የተቃጠለበት ወይም ሰው የተገደለበት ወገን ወደ አካባቢው ሹም ሄዶ አቤት ይላል። ሹሙ ቀን ቆርጦ ያስነግራል። በዚያ ቀን የአካባቢው አባወራ ሁሉ በአንድ ሜዳ ይሰበሰባል። የቀረ ሰው መቀጮ ይከፍላል፤ መቅረቱም ራሱ ጥርጣሬን ይስባል። ከተሰብሳቢው መካከል ሽማግሌዎች ተመርጠው ይሰየማሉ። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ሰው ተራ በተራ እየቀረበ ያየውን፣ የሰማውን ወይም የጠረጠረውን ይናገራል፤ አላየሁም አልሰማሁም የሚልም በመሐላ ያረጋግጣል። የሌባው ስም እስኪወጣ ድረስ ማንም ወደ ቤቱ አይመለስም። በአንድ ቀን ካልወጣ ሌላ ቀን ይቀጠራል፤ በዚያም ካልወጣ ሦስተኛ። በመጨረሻ ሌባው ሳይታወቅ ቢቀር የጠፋውን ንብረት ዋጋ የአካባቢው ሰው አዋጥቶ ይከፍላል።

አሁን ወደ ወፏ እንምጣ። ሌባውን የሚያውቅ ሰው በአደባባይ ተነስቶ እገሌ ነው ቢል የሌባው ዘመድ ነገ ቤቱን ያቃጥልበታል። ስለዚህ የሚያውቀውን ለተመረጡት ሽማግሌዎች ብቻ በምሥጢር ይነግራቸዋል። ሽማግሌዎቹም ማን እንደነገራቸው አይገልጹም፤ ወፍ ነገረችን ይላሉ። ጠቋሚው ራሱ ወፍ ተብሎ ይጠራ ነበር። ዛሬም ምንጩን መናገር የማንፈልገውን ወሬ ወፍ ነገረችኝ ስንል የዚያን ሜዳ ልማድ ሳናውቀው እየደገምን ይሆናል።

ፍትሐዊ ለመሆን ያህል አፈርሳታ በክፋት የተፈጠረ ሥርዓት አልነበረም ማለት ይገባል። ፖሊስ በሌለበት፣ ዐቃቤ ሕግ በማይታወቅበት አገር ድሃ ላሙ ስትጠፋበት የሚያለቅስበት አንድ ቦታ ነበር። ሕዝቡ አንዱ ለሌላው ዋስ እንዲሆን፣ እንግዳ ሰው በአካባቢው ሲያልፍ እንዲያስተውል፣ የሌባን ዱካ እንዲከታተል አድርጓል። ጠቋሚን ከበቀል መጠበቁም ብልሃት ነው። የዛሬዎቹ መንግሥታት ለምስክሮች ጥበቃ የሚያወጡትን ሕግ የአገራችን ገበሬ በአንዲት ወፍ ፈትቶት ነበር።

ነገር ግን በሌላው ወገን ያለውንም እንመልከት። ወፏ የማትታይ ከሆነች የጠቆመችው በእውነት ይሁን በቂም ማን ያውቃል? በድንበር የተጣላ ሰው ባላንጣውን፣ ሚስቱን የተነጠቀ ነጣቂውን፣ ዕዳ ያለበት አበዳሪውን ለማስያዝ ከዚህ የተመቸ አጋጣሚ አያገኝም። ተከሳሹ ከሳሹን አያየውም፤ ሊጠይቀው፣ ሊሞግተው፣ በቁርኣን ሊያስምለው አይችልም። አጨዳ እያለፈበት ሜዳ ላይ የሚውል ገበሬ ደግሞ የማንንም ስም ጠርቶ መገላገልን ቢመርጥ ምን ይገርማል? መቀጮውም ቢሆን የሹሙን ኮሮጆ የሚሞላ ነበርና ስብሰባው እንዲራዘም የሚፈልግ ሰው አልጠፋም። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ በእንግሊዝኛ ያሳተሙትን ልብ ወለድ ያለ ምክንያት «አፈርሳታ» ብለው አልሰየሙትም። የአንድ ገበሬ ጎጆ ተቃጥሎ መላው መንደር ለምርመራ እየተጠራ የሚጉላላበትን ሁኔታ የሚያሳይ ነው፤ ቦታው የጉራጌ አገር ቢሆንም የአርሲ ሰው ቢያነበው የራሱን መንደር ያያል።

ከአፈርሳታ የባሰው ግን ሌባ ሻይ ነበር። አንባቢያን ሻይ ሲባል የምንጠጣው ሻይ እንዳይመስላችሁ! «ሻ» ማለት ፈለገ ማለት ነው፤ ሌባ ሻይ ማለትም ሌባ ፈላጊ ነው። ሙያተኛው ለአቅመ አዳም ያልደረሰ አንድ ልጅ ይዞ ይዞራል። ስርቆት ሲፈጸም ልጁ መድኃኒት እንዲጠጣ ይደረጋል፤ እንዲያጨስም ይደረግ ነበር። ከዚያ ልጁ ራሱን ስቶ ይንገዳገዳል፣ ይሮጣል፣ በአራት እግሩ ይድኻል። ወገቡ በመቀነት ታስሮ አንድ ሰው ጫፉን ይዞ ይከተለዋል። ሹሙና ሕዝቡም ከኋላ ይጎርፋሉ። ልጁ በየቤቱ እየገባ እየወጣ ሲዞር ውሎ በመጨረሻ ከአንዱ ቤት ገብቶ ሲወድቅ የዚያ ቤት ባለቤት ሌባው እሱ ነው ይባላል። ማስረጃ የለም፤ ምስክር የለም፤ የተሰረቀውም ዕቃ ከቤቱ ላይገኝ ይችላል። የራሱን የማያውቅ ሕፃን በደጃፉ ስለወደቀ ብቻ ይከፍላል፣ ይታሰራል፣ ይዋረዳል።

ልጁስ? በእያንዳንዱ ስርቆት ምን እንደሆነ የማያውቀውን ቅጠል እየጠጣ የሚያድግ ልጅ ነው። ስለ ሌባ ሻይ የጻፉ የውጭ አገር መንገደኞች ብዙዎች ናቸው፤ አብዛኞቹ የተደነቁት በትዕይንቱ ነው። ስለ ልጁ ጤና የተጨነቀ ጸሐፊ ግን አልገጠመኝም።

ሌባ ሻይ በአልጋ ወራሹ በራስ ተፈሪ ዘመን በአዋጅ ተከለከለ። አፈርሳታ ግን ብዙ ቆየ። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ሰው የሚቀጣው ራሱ ባደረገው ጥፋት መሆኑን ቢደነግግም፣ በ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ወጥቶ ምርመራ የፖሊስ ሥራ ቢሆንም፣ በገጠር አውጫጭኝ እየተባለ ሕዝብ መሰብሰቡ አልቀረም ነበር። አዋጅ ከአዲስ አበባ ጮሌ ለመድረስ ጊዜ ይፈልጋል።

እዚህ ላይ ስለ አርሲ ጥቂት ማለት አስፈላጊ ነው። የአርሲ ኦሮሞ ከዚያ በፊት የራሱ ሥርዓት ነበረው፤ በገዳ የሚተዳደር፣ በሽማግሌ የሚዳኝ፣ የደም ካሣን በጉማ የሚጨርስ። እስልምናም ቀስ በቀስ በዑለማዎችና በሼኾች አማካይነት ሥር እየሰደደ የመጣ ነበር። የአፄ ምኒልክ ዘመቻዎች ለዓመታት ቀጥለው በአጎታቸው በራስ ዳርጌ መሪነት በ1878 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ በአዙሌ ጦርነት የአርሲ ኃይል ሲሰበር አገሪቱ በአዲስ አስተዳደር ሥር ወደቀች። ነፍጠኛው፣ ባላባቱና ጭቃ ሹሙ መጡ፤ ባለ መሬቱ ገባር ሆነ። አፈርሳታውም እንዲህ ያለው ሹም የሚጠራው ስብሰባ ስለሆነ ገባሩ ላሙን ለማስፈለግ የሚሄደው ወደዚያው ግብር ወደሚከፍልለት ሰው ነበር። ሜዳው ላይ በሚነገረው ቋንቋ አፉን ያልፈታ ገባርም ስሙ ሲጠራ ለምን እንደተጠራ እስኪገባው ድረስ ነገሩ አልቆ ሊቆይ ይችላል።

ሙስሊሙ ነገሩን ወደ ቃዲ ለምን አልወሰደም? የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። መልሱ አጭር ነው። በ1934 እና በ1936 ዓ.ም. የወጡት የቃዲዎችና የናኢባዎች ምክር ቤቶች አዋጆች ለቃዲዎቻችን የሰጡት ሥልጣን በጋብቻ፣ በፍቺ፣ በሞግዚትነት፣ በውርስ፣ በስጦታና በወቅፍ ላይ ብቻ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች አዋጅም ከዚሁ ክልል አልወጣም። ስርቆት የመንግሥት ጉዳይ ነው። ስለዚህ የጮሌ ሙስሊም ስለ ሚራስ ሲከራከር ሸሪዓን ቢያገኝም ላሙ ስትጠፋ ያገኘው ወፏን ነው።

ወፏም ስትዘገይ ብዙው ሰው ወደ ቃልቻ፣ ወደ ሞራ ገላጭ፣ ወደ ጠንቋይ ይሄድ ነበር። ይህን ስንጽፍ የአባቶቻችንን ነውር ለመግለጥ አይደለም፤ ዛሬም አለና ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ዐርራፍ ዘንድ ሄዶ አንድን ነገር የጠየቀ ሰው የአርባ ሌሊት ሶላቱ ተቀባይነት እንደማያገኝ መናገራቸው በሶሒሕ ሙስሊም ተዘግቧል። ብዙዎቻችን ሐዲሱን የምናውቀው ስለ ጥንቆላ በጠቅላላው እንደተነገረ አድርገን ነው። ዑለማዎች ግን ቃሉን ሲያብራሩ ወደ እኛ ጉዳይ በጣም ይቀርባሉ። ኢማም አል-በገዊ እንደገለጹት ዐርራፍ ማለት የተሰረቀ ዕቃ ያለበትን፣ የጠፋ ነገር የወደቀበትን ቦታ በምልክትና በግምት አውቃለሁ የሚል ሰው ነው። ሌባ ሻይ ማለት ነው እንግዲህ! ጠንቋዩ ስለ ነገ ቢናገርና ቢሳሳት ጉዳቱ በጠያቂው ላይ ነው። ሌባን ሲጠቁምና ሲሳሳት ግን ጉዳቱ የሚወድቀው በሌላ ሰው ላይ፣ ምንም ባላደረገ ሰው ላይ ነው።

አሁን ውድ አንባቢያን ከአርሲ ደጋ ወደ መዲና እንውረድ። በዚያም አንድ ሌሊት ቤት ተሰብሮ ነበር።

ታሪኩን በቲርሚዚ መድብል ውስጥ የሚያወራልን ቀታዳ ኢብኑ ኑዕማን (ረ.ዐ) ነው። ቲርሚዚ ሐዲሱን «ገሪብ» ብለው መዝግበውታል፤ የቁርኣን ተፍሲር ጸሐፊዎች ግን በሱረቱ አን-ኒሳእ ከ105ኛው አንቀጽ ጀምሮ ያሉትን አንቀጾች ሲያብራሩ በሰፊው ይጠቅሱታል። የመዲና ሰው የዘወትር ምግብ ተምርና ገብስ ነበር። (ገብስ! የአርሲ ሰው እዚህ ላይ ቤቱን ያስታውሳል።) ከሻም ነጋዴዎች ነጭ ዱቄት ይዘው ሲመጡ ግን ጥቂት ያለው ሰው ለራሱ ይገዛ ነበር፤ ቤተሰቡ ተምርና ገብሱን ይበላል። የቀታዳ አጎት ሪፋዓ ኢብኑ ዘይድ ከዚህ ዱቄት አንድ ጭነት ገዝቶ ጥሩርና ሰይፉን ካስቀመጠበት ክፍል አኖረው። በሌሊት ከሥር ተሰርስሮ ዱቄቱም መሣሪያውም ተወሰደ።

ሲነጋ ሪፋዓ የወንድሙን ልጅ ጠርቶ ነገረው። ሁለቱ በሰፈሩ እየዞሩ ጠየቁ። ጎረቤቶች በኑ ኡበይሪቅ የሚባሉት ሌሊቱን እሳት ሲያነዱ እንዳዩ፣ የበሰለውም የሪፋዓ ዱቄት ሳይሆን እንዳልቀረ ተናገሩ። በኑ ኡበይሪቅ ደግሞ ምርመራው ወደ እነርሱ እየቀረበ መሆኑን ሲያዩ ሌላ ስም ወረወሩ፤ ሌባችሁ ለቢድ ኢብኑ ሰህል ነው አሉ። ለቢድ በመልካምነቱ የታወቀ ሙስሊም ነበር። ይህን ሲሰማ ሰይፉን መዘዘ፤ ወይ ስርቆቱን ግልጽ ታደርጋላችሁ ወይ ይህ ሰይፍ ከእናንተ ጋር ይተዋወቃል ብሎ ዛተ። እነርሱም አንተ አይደለህም፣ ተወን ብለው ወዲያው ተመለሱ። ወፏ ሳትሸሸግ ስትቀር ምን ያህል ቶሎ ቃሏን እንደምታጥፍ እዚህ ላይ ልብ በሉ።

ቀታዳ ወደ አላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) ሄዶ ነገሩን አቀረበ። ዱቄቱ ይቅርብን፣ መሣሪያችንን ብቻ ይመልሱልን አለ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጉዳዩን እንደሚመለከቱት ነገሩት። በኑ ኡበይሪቅ ይህን ሲሰሙ አንደበተ ርቱዕ የሆነ ዘመዳቸውን ይዘው ብዙ ሆነው መጡና ቀታዳና አጎቱ ሙስሊምና ደግ የሆኑ የእኛን ቤተሰብ ያለ ማስረጃ በሌብነት ወነጀሉ ሲሉ ከሰሱ። ቀታዳ ሲመለስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በመልካም የሚወሱ ሰዎችን ያለ ማስረጃ በስርቆት መክሰሱን ነቀፉበት። ቀታዳ ከዚያ ሲወጣ ምነው ከገንዘቤ ከፊሉ በጠፋና ይህን ባልተናገርኩ ብሎ ተመኘ። አጎቱ ምን ሆነ ሲለው ነገረው። ሽማግሌው የመለሰው እርዳታ የሚጠየቀው አላህ ነው የሚል ብቻ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ወሕይ ወረደ። አንቀጾቹ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ለከዳተኞች ተከራካሪ እንዳይሆኑ ያሳስባሉ። ራሱ የሠራውን ኃጢአት በንጹሕ ሰው ላይ የሚያላክክም ቅጥፈትንና ግልጽ ወንጀልን እንደተሸከመ ይናገራሉ። መሣሪያው ተመልሶ ለሪፋዓ ተሰጠ። ቀታዳ የአጎቱ እስልምና ጥልቅ አይመስለውም ነበር፤ መሣሪያውን ሲያመጣለት ግን ሽማግሌው በአላህ መንገድ ሰጥቼዋለሁ አለ። ከሌባዎቹ አንዱ ቡሸይር ወደ ሙሽሪኮች ሸሽቶ ሱላፋ ቢንት ሰዕድ ከምትባል ሴት ዘንድ አረፈ። ሐሳን ኢብኑ ሳቢት (ረ.ዐ) በግጥም ሲነኳት ዕቃውን በራሷ ተሸክማ አውጥታ ጣለችው።

በሌላ ዘገባ፣ አል-ዋሒዲና ሌሎች በጠቀሱት፣ ሌባው ጡዕማ ኢብኑ ኡበይሪቅ ይባላል። የሰረቀው ጥሩር በዱቄት ጆንያ ውስጥ ነበር፤ ጆንያው ቀዳዳ ስለነበረው ዱቄቱ መንገዱን ሁሉ እየነጠበ ዱካ ሠራ። ጡዕማ ጥሩሩን ዘይድ ኢብኑ አስ-ሰሚን ከሚባል አይሁዳዊ ዘንድ አስቀመጠው። ዱካው ወደ አይሁዳዊው ቤት ሲያደርስ ዕቃው እዚያው ተገኘ፤ የጡዕማም ወገኖች ለዘመዳቸው ተሟገቱ። ወሕዩ የወረደው ያንን አይሁዳዊ ንጹሕ ለማድረግ ነበር። ዘገባዎቹ በዝርዝር ይለያያሉ፤ በሁለቱም ግን ስርቆቱን የፈጸመው ሰው ወገን ያለው ነው፣ የተወነጀለው ደግሞ ንጹሕ ነው፣ እውነቱም የታወቀው በሰው ብልሃት ሳይሆን በአላህ ንግግር ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ማሰብ ያለብን ነገር አለ። ወሕይ ባይወርድ ኖሮ ፍርዱ ምን ይሆን ነበር? ማስረጃ አልነበረምና በኑ ኡበይሪቅ በነፃ ይሄዱ ነበር። የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) ወሕይ እስኪመጣላቸው ድረስ ያዩት ማስረጃን ብቻ ነው። ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) ባስተላለፈችው ሐዲስም እርሳቸው ሰው መሆናቸውን፣ ከተከራካሪዎች አንዱ በንግግር ሊበልጥ እንደሚችልና በሰሙት መሠረት እንደሚፈርዱ፣ በዚህ መንገድ የወንድሙን ሐቅ የወሰደም የእሳት ቁራጭ እንደወሰደ ተናግረዋል። ከእርሳቸው በኋላ ወሕይ ተቋርጧል። በጨለማ የተሠራውን አውቃለሁ የሚል ሁሉ፣ ልጅ አስክሮም ይሁን ሞራ ገልጦ፣ ለነቢይ እንጂ ለሌላ ያልተሰጠን ነገር ለራሱ ይጠይቃል። ለእኛ የቀረልን ማስረጃ ማቅረብ በከሳሹ ላይ፣ መሐላ ደግሞ በካጁ ላይ የመሆኑ ደንብ ነው። በዚህ ደንብ አንዳንድ ሌባ ያመልጣል። ሸሪዓ ይህን አውቆ ተቀብሎታል።

ይህ በሐሳብ ደረጃ የቀረ አይደለም። በሱነን አቢ ዳውድ ከከላዕ ሰዎች ንብረት ተሰርቆ ሸማኔዎችን እንደጠረጠሩ ተዘግቧል። (የአገራችን ሰው ሸማኔውን፣ ቀጥቃጩን፣ ሸክላ ሠሪዋን፣ ፋቂውን ከማንም አስቀድሞ መጠርጠር የለመደ ስለሆነ ይህ ዝርዝር አይገርመውም።) ሸማኔዎቹ የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሰሓባ ወደ ነበሩት ወደ ኑዕማን ኢብኑ በሺር (ረ.ዐ) ቀረቡ። ኑዕማን ለጥቂት ቀናት አስረዋቸው ለቀቋቸው። ከሳሾቹ ሳይገረፉና ሳይመረመሩ ለምን ለቀቅካቸው ብለው መጡ። የኑዕማን መልስ የሚደንቅ ነው፦ ከፈለጋችሁ እገርፋቸዋለሁ፤ ንብረታችሁ ከተገኘ መልካም፤ ካልተገኘ ግን ከእነርሱ ጀርባ የወሰድኩትን ያህል ከእናንተ ጀርባ እወስዳለሁ የሚል ነበር። ይህ የአንተ ፍርድ ነው? ሲሏቸው የአላህና የመልእክተኛው ፍርድ መሆኑን ነገሯቸው። በአፈርሳታው ሜዳ ላይ ወፏን እንዲህ ያላት ሹም ቢኖር ኖሮ ስንቱ ጥቆማ በአፍ ውስጥ በቀረ ነበር!

አንዳንድ አንባቢ በሸሪዓም የጋራ መሐላ አለ፤ ቀሳማ ምንድን ነው? ይል ይሆናል። ትክክል ነው። ዐብዱላህ ኢብኑ ሰህል በኸይበር ተገድሎ ሲገኝ፣ ገዳዩም ሳይታወቅ ሲቀር ሃምሳ መሐላ ተጠይቋል። የሟች ወገኖች ግን ያላየነውን እንዴት እንምላለን አሉ፤ የአይሁዶቹንም መሐላ አልተቀበሉም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ደሙ በከንቱ እንዳይቀር መቶ ግመል ካሣ ከእርሳቸው ዘንድ ከፈሉ እንጂ በኸይበር ሰዎች ላይ አላከፋፈሉትም። ቀሳማም የደም ጉዳይ ነው፤ ለጠፋ ላም የሚሆን አይደለም። ስለ ንብረት ከሆነ የዩሱፍን (ዐ.ሰ) ታሪክ እንመልከት፦ የንጉሡ መስፈሪያ ከታናሽ ወንድማቸው ጓዝ ሲገኝ ወንድሞቹ በእርሱ ፋንታ ከእኛ አንዱን ያዝ ብለው ለመኑ። ዩሱፍ ግን ዕቃችንን ያገኘንበትን ትተን ሌላ ብንይዝ በዳዮች እንሆናለን በማለት እምቢ አሉ። የአንዱን ዕዳ በሌላው መክፈል ከሚቀርብ ሰው በፈቃዱ እንኳ ሲቀርብ ተቀባይነት አላገኘም።

ዛሬ ሜዳው የለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 ተከሳሽ እስኪፈረድበት ድረስ እንደ ንጹሕ የመቆጠር፣ የቀረበበትንም ማስረጃ የማየትና ምስክሮችን የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። ግን አፈርሳታ ከሜዳ ወጥቶ ወደ ቤታችን የገባ ይመስለኛል። የወይዘሮዋ የወርቅ ቀለበት ሲጠፋ ከገጠር የመጣችው የቤት ሠራተኛ የመጀመሪያ ተጠርጣሪ ናት። ምስክር አይጠራም፤ መሐላዋ አይሰማም፤ ፍራሿ ይገለበጣል፤ ደሞዟ ይያዛል። አንዳንዴም ከጠንቋይ ቤት አንዲት ቀይ ልጅ ናት የሚል ቃል ተይዞ ይመጣል፤ ልጅቷም ቀይ ከሆነች አለቀላት። ቀለበቱ ከወር በኋላ ከሶፋ ሥር ሲገኝ እርሷ የት እንዳለች የሚያውቅ የለም። የቁርኣኑ አንቀጽ የወረደው ጥሩሩን ለማስመለስ ብቻ ቢሆን ኖሮ መሣሪያው የተመለሰ ዕለት ነገሩ ባለቀ ነበር፤ ዛሬ የምናነበው ግን በንጹሑ ላይ ስለተላከከው ኃጢአት ነው።

ንብረት ያገኘስ ሰው? በዚህ ረገድ ዘይድ ኢብኑ ኻሊድ አል-ጁሀኒ (ረ.ዐ) ያስተላለፉት ሐዲስ ሰፊ ነው። አንድ ሰው ስለ ወደቀ ዕቃ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ጠየቀ። የተቋጠረበትን ነገርና ማሰሪያውን እንዲያውቅ፣ አንድ ዓመትም እንዲያስነግር አዘዙት። መያዣውንና ማሰሪያውን ማወቁ ባለቤት ነኝ ባይ ሲመጣ እውነተኛውን ከሐሰተኛው ለመለየት ነው፤ እዚህም ወፍ የለችም፣ ምልክት ነው የሚጠየቀው። ስለ ጠፋች ፍየል ሲጠየቁ ለአንተ ወይም ለወንድምህ ወይም ለተኩላ ናት ብለው እንዲይዛት ፈቀዱ። ስለ ጠፋ ግመል ሲጠየቁ ግን ፊታቸው እስኪቀላ ተቆጡ። ግመል ውኃው በሆዱ፣ ጫማው በእግሩ ነው፤ ጌታው እስኪያገኘው ድረስ ውኃ ይወርዳል፣ ዛፍ ይበላል፤ ምን አገባህ የሚል መልእክት ነበር።

ኢማም ማሊክ በሙወጠእ ከኢብኑ ሺሃብ እንደዘገቡት በዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) ዘመን የባዘኑ ግመሎች ማንም ሳይነካቸው ይወልዱ ነበር። በዑስማን (ረ.ዐ) ዘመን ግን ግመሎቹ እንዲነገርላቸውና እንዲሸጡ ታዘዘ፤ ባለቤቱ ሲመጣም ዋጋው ይሰጠው ነበር።